ስለ ተማሪ ባርኮትና ስለ ጠፋው ጭብጨባ

ሐምሌ 18 ቀን 2008 ዓ.ም.
ወላይታ ሶዶ

ለተከበሩ አቶ ደገፉ
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ የትምህርት ልማት ሠራዊቱ አዛዥ፣ የግምገማው ሰብሳቢ፣ የጭብጨባው ተቆጣጣሪ

ጉዳዩ፦ የላቀ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከረሙ? በአገራችን ወግ ሳሮ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከቢሮዎ መስኮት ሥር ያለችው አቮካዶ ሁሉም ደህና ናቸው? በተለይ ደግሞ መዳፎችዎ እንዴት ሆኑ? ስለ መዳፍዎ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሚያዝያ ወደ አራተኛ ለ ክፍል ገብተው በእንግዶች ፊት ብቻዎን ያጨበጨቡት ጭብጨባ በእርስዎ ዕድሜና በእርስዎ ክብር ላለ ሰው ቀላል ድካም ስላልነበረ፣ እስካሁን ያቃጥልዎት ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁምቦ ይሞቃል፤ ነገር ግን እርስዎ ግምገማ ሲመሩ አዳራሹ ከሚሞቀው አይብስም።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ስሜን ዘንግተውት እንደሆነ፣ እኔ ዓመለወርቅ ጦና ነኝ። በትምህርት ቤትዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ የጨበጥኩ፣ እስከ ሚያዝያ ድረስ የአራተኛ ለ ክፍል ኃላፊ የነበርኩ፣ አሁን ደግሞ በእርስዎ ሐሳብ አቅራቢነት «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ ሁምቦ ቆላ የወረድኩ መምህርት ነኝ። ይህንን ደብዳቤ በወላይትኛ ብጽፈው ደስ ባለኝ፤ እርስዎና እኔ የምንጣላውም የምንታረቀውም በእርሱ ነውና። ነገር ግን በአማርኛ ያልተጻፈ ነገር ፋይል ውስጥ ቢገባም እንደማይቆጠር ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ ትምህርትዎን አክብሬ በአማርኛ ጽፌዋለሁ። ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች እንደታሸጉ በክብር መቀመጣቸውን ስለሰማሁ ነው። ይኸኛው አይታሸግም፤ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ፎቶኮፒ ቤት አርባ ቅጂ አባዝቶልኛል።

አርባ ቅጂ ማለት ነገሩን የማያውቅ መንገደኛም ያነበዋል ማለት ስለሆነ፣ እርስዎ በደንብ የሚያውቁትን እንደ አዲስ ስተርክ ይታገሡኝ። ባርኮት የአሥር ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ወይዘሮ ጽጌሬዳ በገበያችን ቅቤ የሚሸጡ፣ ሌላ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ባርኮት ኦቲዝም አለባት። ሰው ሲያናግራት ፊቱን አታይም፤ በቀን የምትናገራቸው ቃላት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ፤ ለሌላው ሰው ተራ የሆነ ድምፅ እርሷን ያማታል። ደወል እንለው የነበረው ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በተመታ ቁጥር ጆሮዋን ይዛ ዴስክ ሥር ትገባ ነበር። እናቷ በጸሎት ቤት አስጸልየውላታል፣ ጎረቤታቸው ጠበል ወስደዋታል፣ እርግማን ነው ያለም አልጠፋም። ለጸሎቱም ለጠበሉም ክብር አለኝ፤ ነገር ግን ልጅቷ አልታመመችም፣ አልተረገመችም፤ ዓለሙ የሚገባት በሌላ በር ነው፤ ሌላ ነገር የለም። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ። በሚያዝያው ግምገማ ላይ «ከአካባቢ ሳይንስ የተሰረቀች አርባ ደቂቃ» ብለው ስለሰየሟት ክፍለ ጊዜ ከልብ አመሰግናለሁ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሌላ ክፍለ ጊዜዬን አስታውሰውልኝ አያውቁምና። ስርቆቱ የተፈጸመው እንዲህ ነው። በኅዳር ወር ወይዘሮ ጽጌሬዳን አስፈቅጄ፣ እርሳቸውም ፊደል ስላልቆጠሩ በፈቃድ ወረቀቱ ላይ በአውራ ጣታቸው ፈርመው፣ ባርኮት ከቤት በቀረችበት ቀን ሦስት ተማሪዎችን ወደ ሰሌዳው አወጣሁ። በአንገታቸው ላይ ሸካራ የቃጫ ጆንያ ጠመጠምኩ። በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ልጆች ቆመው በየጆሯቸው የተለያየ ወሬ እንዲያወሩላቸው አደረግሁ። ጥበቃችንን ጋሽ ሶርሳን ለምኜ ያንን ቸርኬ ከዛፉ አውርደው በራችን ላይ እንዲቀጠቅጡልኝ አደረግሁ። ከዚያ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁ። አንዷ አለቀሰች፣ አንዱ ጆንያውን ወርውሮ ቦታው ተመለሰ፣ የክፍሉ አንደኛ የሆነው አሮን ደግሞ አርባ ሁለት አለ። ባርኮት በየቀኑ የምትማረው እንዲህ ሆና ነው አልኳቸው። ስልሳ ስድስት ልጆች ሳይታዘዙ ጸጥ ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ፤ ይጋባል ወይ፣ ታድጋለች ወይ፣ እኛን ትጠላናለች ወይ። በመጨረሻ አሮን ተነሥቶ ታዲያ እኛ ምን እናድርግ ቲቸር አለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ የማውቀው መልስ አልነበረኝም፤ ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ የያዝኩት ደብተር እዚህ ድረስ አይደርስም ነበር። መልሱን የሰጡኝ እነሱ ናቸው።

ሁለተኛ። ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀት አመሰግናለሁ። አንድ መሪ አምስት አባላትን ይዞ፣ ጎበዙ ደካማውን እያገዘ፣ ማንም ወደኋላ እንዳይቀር ማድረግ ነው ብለው በየሰኞው ሰልፍ ላይ ሲነግሩን ስንት ዘመን ሆነዎት! እኔ ኃጢአተኛዋ ለሪፖርት የሚሆን ወሬ ነው ብዬ አስብ ነበር። ልጆቹ ግን ጉድ ሠሩኝ፤ አመኑዎት። ባርኮት በአሮን ቡድን ውስጥ ነበረች። መስኮት አጠገብ የሚቀመጠው አባል ጋሽ ሶርሳ ብረቱን ሲያነሡ ጠብቆ ዴስኳን ሁለት ጊዜ በጣቱ ይነካላታል፤ እርሷም ደወሉ ከመጮኹ በፊት ጆሮዋን ትይዛለች። አራቱ አባላት ደግሞ ስሟ አራት ፊደል መሆኑን ቆጥረው አንድ አንድ ፊደል ተከፋፈሉና፣ እያንዳንዳቸው የደረሳቸውን ፊደል በየእረፍቱ ያስጽፏት ጀመር። አሮን ፊደል አልደረሰውም፤ መሪ ስለሆነ የእርሱ ሥራ ማስተባበር ነበር። ከማን እንደተማረው መቼም አይጠፋዎትም።

ጭብጨባውንም ያስቀሩት እነሱ ናቸው። እንደምናውቀው በእኛ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ በትክክል ሲመልስ መምህሩ «አጨብጭቡለት» ይላል፤ ልጆቹም ቆርቆሮው እስኪነቃነቅ ያጨበጭባሉ። ያ ለመላሹ ሽልማት፣ ለባርኮት ግን ዱላ ነበር። አራተኛ ለ ተማክሮ መዳፍ ለመዳፍ ማፋተግ ጀመረ። ያን ሁሉ መዳፍ ባንድ ላይ ሲያፋትጉት እንሰት ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ይሰማ ስለነበር፣ ስሙን ካፊያ አሉት። ጎበዝ ለሆነ ሁሉ ካፊያ ይወርድለት ነበር። በየካቲት አንድ ቀን አሮን የክፍልፋይ ጥያቄ መለሰልኝ፤ እኔ ካፊያ ከማለቴ በፊት ባርኮት፣ ዓይኗ ወደ መስኮቱ እንዳለ፣ መዳፏን አፋተገችለት። በዚያ ክፍል ከማንም ቀድማ፣ ለሌላ ሰው፣ ማንም ሳይነግራት። ይህንን ክንውን በቅጹ ሞልቼ ለቢሮዎ ባለማቅረቤ ጥፋተኛ ነኝ፤ እዚህ ላይ ግለሂሴን ይቀበሉኝ።

ሦስተኛ። ለእንግዶቹ ጉብኝት አመሰግናለሁ። ግቢው ሁለት ቀን ሙሉ ኖራ ሲቀባ ከርሞ ድንጋዮቹ ሳይቀሩ ነጭ ሆነው ነበር። አራት የተከበሩ እንግዶች ከላይ መጥተው ክፍላችን ሲገቡ ልጆቹ ተነሥተው ቆሙ፣ እርስዎም «ለክቡራን እንግዶቻችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ» አሉ። ስልሳ ሰባቱም፣ ባርኮት ጭምር፣ መዳፋቸውን አፋተጉ። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እርስዎ ፈገግታዎን ሳያጥፉ «እንደገና፣ ሞቅ አድርጋችሁ!» አሉ። ሞቅ አድርገው አፋተጉ። የእንግዶቹ መሪ ወደ ጆሮዎ ጠጋ ብለው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ፤ እኔ ላስረዳ ስነሣ እርስዎ በዓይንዎ አስቀመጡኝ። አንዲት ቃል ብናገር እኮ እንግዶቹ የዓመቱን ምርጥ ተሞክሮ ይዘውልዎት ይሄዱ ነበር! እርስዎ ግን ብቻዎን ማጨብጨቡን መረጡ።

እንዴት ያለ ጭብጨባ ነበር! ሰፊ መዳፍ አለዎት፣ እግዚአብሔር ይባርከው። ባርኮት ጆሮዋን ይዛ ዴስክ ሥር ገብታ ጮኸች፤ እርስዎ ጩኸቷን ለመሸፈን አብልጠው አጨበጨቡ፤ እርሷ አብልጣ ጮኸች። አሮን ሹራቡን አውልቆ ጭንቅላቷን ሸፈነላትና «ጋሼ፣ እባክዎ ይብቃዎት፣ ያማታል» ብሎ ለመነዎት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ልመናው በቃለ ጉባኤው ላይ «በአመራር ላይ የተሰነዘረ ማስጠንቀቂያ» ተብሎ መስፈሩን ሳነብ የጸሐፊውን ድፍረት አደነቅሁ።

አራተኛ። ስለ ግምገማው አመሰግናለሁ። ምሳ በልተን ገብተን ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወጣን። የተነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ከጀርባ ማን አለ? ዛሬ ጭብጨባ የነፈገ ነገ ምን እንደሚነፍግ አይታወቅም አሉ፤ ስልሳ ሰባት እጅ ባንድ ቀን ባንድ ዓይነት መንገድ የሚንቀሳቀሰው ሳይደራጅ አይደለም አሉ። ልክ ነበሩ፤ ተደራጅተው ነበር፤ ያደራጇቸውም እርስዎ ነዎት። ይህንን ብናገር ባልደረቦቼ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ከእነሱ አንዱ እንኳ፣ አብሮኝ ካፊያውን አይቶ የሳቀው እንኳ፣ ትንፍሽ አላለም። አልፈረድኩባቸውም፤ ሁሉም ቤት ልጅ አለ።

በማግሥቱ አሮንን ለብቻው ቢሮ ጠርተው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥተው ጭብጨባ እንዲቀር ያደረገው ማን እንደሆነ በእጁ እንዲጽፍ አዘዙት። ልጁ ውሸት አልለመደም፤ «ባርኮት» ብሎ ጻፈ። እርስዎም ወረቀቱን አባሪ አድርገው «የድርጊቱ ዋና አነሣሽ ተማሪ ባርኮት መሆኗ በጽሑፍ ማስረጃ ተረጋግጧል» ብለው አስያዙ። ወይ ጉድ! በዚህ ዞን ስንት አፈ ቀላጤ እያለ፣ ስንት ሰባኪ፣ ስንት ተናጋሪ እያለ፣ በቀን «ውሃ»፣ «እማ» እና «አይ» ከማለት የማታልፈውን ልጅ የአመፅ አነሣሽ ብሎ መዝግቦ የፈረመ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔን ከእርሷ ቀጥሎ ሁለተኛ ተጠያቂ ስላደረጉኝም ኮርቻለሁ።

አምስተኛ። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ለወይዘሮ ጽጌሬዳ ስለጻፉላቸው ደብዳቤ አመሰግናለሁ። ቃል በቃል ልጥቀሰው፤ «ተማሪዋ ፊደል የመለየት፣ መመሪያ የመቀበልና ከቡድን ጋር አብሮ የመሥራት አቅም የሌላት መሆኑ በመረጋገጡ፣ ልዩ ክፍል እስኪከፈት ድረስ ከቤተሰብ ጋር እንድትቆይ ተወስኗል።» ክቡር ሆይ፣ አንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ወረቀት አለዎት። በአንደኛው ባርኮት ስልሳ ስድስት ተማሪዎችን አደራጅታለች፤ በሁለተኛው ከአምስት ልጅ ጋር መሥራት አትችልም። ሁለቱም ላይ ማኅተምዎ አለ። የትኛውን እንደሚያምኑ መርጠው ቢነግሩን እኛም ባመንነው ነበር። ልዩ ክፍል የተባለውንም ሄጄ አየሁት፤ በውስጡ የተሰባበሩ ዴስኮችና ያለፈው ዓመት የምርጫ ባነሮች ተኝተውበታል፤ ሰላም ይደሩ።

ስድስተኛ። በሰኔ ሪፖርትዎ ላይ «ስለ ኦቲዝም ለ1,264 ተማሪዎች ግንዛቤ ተፈጥሯል» ስለማለትዎ ምስጋናም አጣሁ።

እስካሁን እየሳቅሁ ጻፍኩ፤ አሁን ግን ሳቁ አለቀብኝ። ባርኮት ዩኒፎርሟን ማንም ሳይነግራት በየጠዋቱ ለብሳ በራቸው ላይ ትቀመጣለች። ቤታቸው ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ቸርኬው ለክረምት ትምህርት ሲመታም እዚያ ድረስ ይሰማል። ዴስኳን የሚነካላት ልጅ ስለሌለ አሁን አስቀድማ ማወቅ አትችልምና ጠዋቱን ሙሉ ጆሮዋን ይዛ ትቀመጣለች ብለው እናቷ ነገሩኝ። ገበያ ሲወስዷት በጩኸቱ መሐል ከመደቡ ሥር ትገባለች፤ እርሳቸውም እየጎነበሱ ያዩአታል፣ ቅቤያቸውን ይሸጣሉ፣ ደግሞ ይጎነበሳሉ። ይህንን ስሰማ ሚኒባስ ውስጥ እስከ ሁምቦ አለቀስኩ። በእርስዎ ላይ የተሰማኝን ቁጣ በአክብሮት ቃል መጻፍ እንዴት እንደሚቻል ስላላወቅሁ ይህን ያህል ገጽ ፈጀብኝ። አንድ ሰው ያልገባውን ነገር ቢጠይቅ ምን ያጎድለዋል? ስልሳ ሰባት ልጆች ያወቁትን ነገር ከእነሱ መጠየቅ እንዴት ያሳፍራል?

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። የእኔን ዝውውር ይተዉት፤ የሁምቦ ልጆችም ልጆች ናቸው፣ ካፊያውን ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ለምደውታል። ይቅርታም አልጠይቅዎትም፤ ያንን ለመጻፍ ኮሚቴ ማቋቋም ይኖርብዎታል። ምዝገባ ነሐሴ 23 ቀን ይጀምራል። ያን ቀን ወይዘሮ ጽጌሬዳ ልጃቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ባርኮትን ይመዝግቧት፤ ከአሮን ቡድን ጋር መልሰው ያስቀምጧት፤ መስኮት አጠገብ የሚቀመጠውን ልጅ ከቦታው አያንሡት። የቡድኑን አማካይ ውጤት ታወርዳለች ብለው በዓመቱ መጀመሪያ ነግረውኝ ነበር። ታውርደው። የአሮን እናት ልጃቸው በዚህ ዓመት ከተማረው ሁሉ የሚበልጠውን የተማረው ከባርኮት ጎን ተቀምጦ እንደሆነ በገዛ አፋቸው ነግረውኛል፤ ይህ በየትኛው ቅጽ እንደሚሞላ ግን አላውቅም።

በተረፈ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ እንግዶችዎ ሁልጊዜ ሞቅ ያለ ጭብጨባ እንዳያጡ፣ እርስዎም አንድ ቀን ጸጥታ ባለበት ክፍል ገብተው ጸጥታው ምን እንደሆነ የመጠየቅ ጊዜ እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ ከዳሞታ ተራራ የማያንስ አክብሮቴን በሁለት እጄ፣ መዳፌን ለመዳፌ እያፋተግሁ፣ አቀርባለሁ።

የቀድሞ ሥጋትዎ፣ የዘወትር አክባሪዎ
መምህርት ዓመለወርቅ ጦና

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ጽጌሬዳ፣ ከገበያ (በቃል ይነበብላቸው)
ለአሮን፣ ለአንድ ለአምስት ቡድን መሪ
ለጋሽ ሶርሳ፣ ቸርኬውን ቀስ አድርገው እንዲመቱ
ለአላፊ አግዳሚ በሙሉ

እንደገና፦ አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ከመዝገብ ቤትዎ የደብዳቤ መረከቢያ መዝገቡን ያስመጡና ሚያዝያ 28 ቀን፣ ተራ ቁጥር 14ን ይመልከቱልኝ፤ ባርኮትን ያባረሩበት ደብዳቤ የወጣበት መስመር ነው። የወይዘሮ ጽጌሬዳ ፊርማ የአውራ ጣት አሻራ መሆኑን ያውቃሉ። በዚያ መስመር ላይ ግን አሻራ የለም። ጸሐፊዎ ምሕረት የቀለሙን ንጣፍ ከመሳቢያ ስትፈልግ፣ አብራ የመጣችው ባርኮት ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሣችና በተረካቢው ፊርማ ቦታ ላይ አራት ፊደል ጻፈች። ፊደል መለየት እንደማትችል የሚገልጸውን ደብዳቤዎን ፈርማ የተረከበችው እርሷ ራሷ ናት። እባክዎ ያንን ገጽ እንዳያስቀድዱት፤ በትምህርት ቤትዎ ውስጥ በገዛ እጇ የጻፈችው ስሟ የቀረው እዚያ ብቻ ነው።